ስለ ዝሆኔ በሽታ

በምሥራቅ ጎጃም ደጋ፥ በቁይና በዙሪያዋ ባለው አገር፥ እግሩ እንደ ዝሆን እግር ያበጠ፥ ቈዳው የጠጠረና የሻከረ ሰው ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ደዌውም ዝሆኔ ይባላል። ስለ ምክንያቱ አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሁለተኛው መጋኛ ነው ይላል፤ ሦስተኛውም ከበሽተኛው ጋር በአንድ መደብ የተቀመጠ ይያዛል ብሎ ይሸሻል። ሦስቱም ተሳስተዋል።

ምክንያቱ የምንረግጠው ቀይ አፈር ነው። ይህ አፈር በጥንት ዘመን ከምድር ውስጥ በእሳት ቀልጦ ከወጣ ድንጋይ የመጣ ስለ ሆነ፥ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ትቢያ አለበት። ሰው ብዙ ዓመት በባዶ እግሩ ሲያርስና ሲሄድ ትቢያው በቈዳው ሰርጎ ይገባል፤ የሰውነትን ውሃ የሚመልሱትን ቀጫጭን ሥሮችም ያቈስላል፥ ይዘጋልም። መውጫ ያጣው ውሃ እንደ ተገደበ ወንዝ በእግር ውስጥ ይጠራቀማል። እብጠቱም ከጣት ጀምሮ ወደ ጕልበት ይወጣል። በቈላ አገር ትንኝ ከምታስተላልፈው ትል የሚመጣ ሌላ ዝሆኔ አለ፤ የደጋው ግን ከአፈር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ሳለ ይህን መረመረ። ኋላም ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ ሰየመው፤ ስሙ በጽርእ ቋንቋ እግርና ትቢያ ከሚሉት ቃላት የወጣ ነው።

ልጆች ሆይ፥ ምናልባት እንዲህ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል፦ «ሁለት ሰዎች አንድ እርሻ እያረሱ፥ አንዱ ታምሞ ሁለተኛው ስለ ምን ይድናል?» ሰውነታቸው ለዚህ ትቢያ የማይችል ቤተ ሰቦች ስላሉ ነው። ሰው ይህን አይቶ «ዘራቸው ነው» ይላል፥ ልጃቸውንም ለጋብቻ አይፈልግም። ነገር ግን የሚወረሰው ለአፈሩ አለመቻል ነው እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ከዚያ ቤት የተወለደ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዘወትር ጫማ ቢያደርግ ከደዌው ይጠበቃል። በአገራችን ግን ጫማ ለክብር ሆኗል። ጫማውን በዱላው ጫፍ አንጠልጥሎ መንገዱን ሁሉ በባዶ እግሩ ሄዶ፥ ገበያው ዳር ሲደርስ የሚጫማ ሰው ስንት አይተናል! ጫማው ዳነ፥ እግሩ ግን ተጐዳ።

በጣም ያበጠውን እግር ፈጽሞ እንደ ቀድሞው የሚያደርግ መድኃኒት የለም። ቢሆንም በሽተኛው አርሶና ነግዶ መኖር ይችላል። በየቀኑ እግሩን በውሃና በሳሙና ይጠብ፤ በጣቶቹ መካከል ያለውን በደንብ ያድርቅ፤ ቈዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ይቀባ፤ ካልሲና ጫማ ያድርግ፤ ሲቀመጥም እግሩን ከፍ አድርጎ ያሳርፍ። ሐኪሞች በምሥራቅ ጎጃም 696 በሽተኞችን በሁለት ወገን ከፍለው አንድ ዓመት ተከታተሉ፤ በ2018 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በታተመው ጽሑፋቸውም፥ ይህን ጥበቃ በተማሩት ወገን ሕመሙ የሚነሣበት ጊዜ እንደ ቀነሰ አስታወቁ።

ሕመሙ በተነሣ ጊዜ እግሩ ይግላል፥ ንፍፊት ያብጣል፥ ብርድና ትኩሳትም ይይዘዋል። ያን ጊዜ ሥራውን ትቶ ይተኛ፥ ወደ ጤና ጣቢያም ይሂድ። ውሃ የሚያቀርብለትና እግሩን የሚያጥብለት ልጅ በሽታው ይጋባብኛል ብሎ አይፍራ፤ በመንካት አይተላለፍምና።