ስለ ክብ የአልሙኒየም ላሜራ አመራረጥ

ለድስት፥ ለሳሕንና ለትሪ ሥራ የሚሆን አልሙኒየም ከገበያ የሚገኘው በሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ አራት ማዕዘን ሆኖ የተዘረጋ ላሜራ፥ ሁለተኛው አስቀድሞ በፋብሪካ ክብ ሆኖ የተቈረጠ ላሜራ ነው። ክቡ ላሜራ ገና ዕቃ አይደለም፤ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ወይም በቶርኖ ላይ እየዞረ ወደ ቅርጹ ተገፍቶ ዕቃ የሚሆን መነሻ ነው እንጂ። ነገር ግን ዕቃው መልካም ወይም ክፉ መሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚቈረጠው መዶሻው ሳይነሣ፥ ላሜራው በሚመረጥበት ሰዓት ነው። ያለ ዕውቀት የተመረጠውን ላሜራ የሠሪው ብልሃት አያድነውም።

ይህ ነገር በጋምቤላ ለሚገኙት ተማሪ ቤቶች ይልቁን ይከብዳል። ጋምቤላ ከተማ ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ፥ የማይሆን ላሜራ የገዛ ሰው ነገ ልመልሰው ቢል መመለሻው ሩቅ ነው። በቀድሞው ዘመን የፋብሪካ ዕቃ ወደዚህ አገር ይገባ የነበረው በውሃ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት ውል፥ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አካባቢ ስፋቱ ከ400 ሔክታር የማይበልጥ የንግድ ስፍራ ተፈቀደ። ወደቡም በጋምቤላ ተቋቁሞ፥ ባሮ በክረምት በሚሞላበት ጊዜ የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን እየመጡ ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ስፍራው ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የመርከቡም ንግድ እየቀነሰ ሄደ። እንግዲህ ዛሬ ላሜራው የሚመጣው በመኪና ተጭኖ ስለ ሆነ፥ ገዢው ከመክፈሉ በፊት በዓይኑም በእጁም ሊመረምረው ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረመረው ማዕድኑ ራሱ ነው። ኦሪት ዘኍልቍ ማዕድኖችን በሚቈጥርበት ስፍራ ስድስት ብቻ ይጠራል፤ አልሙኒየም ከእነዚያ መካከል የለም። ይህም የሆነበት ምክንያት አልሙኒየም በአፈርና በድንጋይ ውስጥ እጅግ ብዙ ሆኖ ሳለ፥ ከሌላ ነገር ጋራ ተጣብቆ ስለሚኖር ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1886 ሆል የተባለው አሜሪካዊና ኤሩ የተባለው ፈረንሳዊ፥ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ፥ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚለይበትን ዘዴ እስኪያገኙ ድረስ ዋጋው የማይቀመስ ነበር። ክብደቱ የብረት ሲሶ ያህል ነው፤ ማግኔትም አይስበውም። ስለዚህ ተማሪው ትንሽ ማግኔት ይዞ ገበያ ይውጣ። ማግኔቱ ከተጣበቀ ያ ላሜራ አልሙኒየም አይደለም፤ እንደ ዘይት ጣሳ ወይም እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ላዩ የተቀባ ብረት ነው። የቤት ክዳን ቆርቆሮ የተቀባው በዚንክ ስለ ሆነ፥ ኮምጣጣ ምግብ ሲገባበት ዚንኩ ይሟሟና የበላውን ሰው ያስመልሰዋል። በምንም ምክንያት ለምግብ ዕቃ አይሁን።

ከዚህም የሚብሰው ዓይን የማያየው ነገር ነው። ከአሮጌ ሞተር፥ ከራዲያተርና ከልዩ ልዩ ስብርባሪ እየቀለጠ የሚፈሰው ድስት በብዙ የአፍሪካ አገሮች ይሠራል። የሠሪዎቹ ትጋት የሚመሰገን ነው፤ በአዲስ አበባ መርካቶ የምናለሽ ተራ ሠራተኞች ከተጣለ ብረት ስንት ዕቃ እንደሚያወጡ ያየ ሰው ሁሉ ይደነቃል። ይሁን እንጂ ከስብርባሪው መካከል እርሳስ ያለበት ብረት አይጠፋም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2014 የወጣ ምርመራ፥ በካሜሩን ከቅልጥ ስብርባሪ የተሠሩ ድስቶች እርሳስ ወደ ምግቡ እንደሚያወጡ አስረድቷል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል፤ ድስቱም ቢታጠብ፥ ቢፈላ አይለቅም። በተማሪ ቤት የሚሠራው ድስት ለቤተሰብ ምግብ የሚውል ከሆነ፥ ምንጩ ከታወቀ የፋብሪካ ላሜራ እንጂ ከቅልጥ ስብርባሪ አይሠራም። ይህን ስለ ዋጋ ብሎ መተው አይገባም።

የፋብሪካ ላሜራ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። በላዩ ወይም በማሸጊያው ላይ ቍጥር ይጻፍበታል፤ 1050 የተባለው ከመቶ 99 ተኩል ንጹሕ አልሙኒየም ነው፤ 1100 የተባለው ከመቶ 99 ነው፤ 3003 ደግሞ ጥቂት ማንጋኒዝ የገባበትና ጠንከር ያለ ነው። ሦስቱም ለድስትና ለሳሕን ይሆናሉ። ከቍጥሩ ቀጥሎ ኦ የሚል የላቲን ፊደል ቢገኝ ላሜራው በእሳት የለሰለሰ ነው፤ ኤች የሚል ፊደል ቢገኝ ግን በመጠቅለል የጠነከረ ነው። ጥልቅ ድስት ለመቀጥቀጥ ለስላሳው ይመረጣል። ጽሑፍ ከሌለበት ከዳሩ ቀጭን ቍራጭ ወስዶ በእጅ ማጠፍ ነው፤ ለስላሳው ታጥፎ ዝም ይላል፤ ጠንካራው ወደ ኋላው ይመለሳል። እስከ መጨረሻው ታጥፎ በእጥፋቱ ጀርባ ላይ ስንጥቅ ከታየ አይገዛም። በላሜራው ፊት ላይ ፋብሪካው ሲዳምጠው የተዋቸው ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉና፥ ፈተናው አንድ ጊዜ በመስመሩ ርዝመት፥ አንድ ጊዜም በአግድሙ ይደረግ።

ጠንካራው ብቻ ከተገኘ በከሰል እሳት ማለስለስ ይቻላል። በዚህ ስፍራ ብረት መቀጥቀጥ የለመደ ሰው ይሳሳታል፤ ብረት ሲግል ይቀላል፤ አልሙኒየም ግን ቀልቶ ሳይታይ በ660 ዲግሪ በድንገት ይቀልጣል። ስለዚህ ላሜራው ላይ ደረቅ ሳሙና ይታሸበትና ሁሉም ወገን እኩል እንዲሞቅ እያዞሩ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ሳሙናው ቡናማ ሆኖ ወደ ጥቍረት ሲያዘነብል ወዲያው ከእሳት ይነሣል። ሲቀዘቅዝ ለስልሷል። በመዶሻ ሲመታ እንደ ገና ስለሚጠነክር፥ ጥልቅ ዕቃ የሚሠራ ሰው ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋግማል።

ስለ ውፍረቱ ነገሩ አጭር ነው። ለትሪና ለሳሕን 1 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ በሦስት ጉልቻ ላይ በእንጨት እሳት ለሚጣድ ድስት ግን ከ1 ተኩል እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል፤ ከዚህ የሳሳ እንደ ሆነ ገንፎው ከሥሩ ያራል፥ ቂጡም ይጐብጣል። ካሊብሮ የሌለው ተማሪ ቤት አሥሩን ላሜራ አነባብሮ በማስመሪያ ቢለካ፥ አሥሩ 15 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንዱ 1 ተኩል መሆኑን ያውቃል። ሚዛንም አይዋሽም፤ የጐን ስፋቱ 33 ሳንቲ ሜትር፥ ውፍረቱ 1 ተኩል ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ላሜራ 346 ግራም ያህል ይመዝናል። ሻጩ 1 ተኩል ነው ብሎ ሚዛኑ 277 ግራም ቢያሳይ፥ የተሸጠው 1 ሚሊ ሜትር ከ2 ነጥብ ነው።

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው ግን በክቡ ስፋት ላይ ነው። አፉ 20 ሳንቲ ሜትር፥ ቁመቱ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድስት ለመሥራት የተነሣ ተማሪ፥ አብዛኛውን ጊዜ ክር ወስዶ ከአንዱ ከንፈር በቂጡ በኩል እስከ ሌላው ከንፈር ይለካል፤ 8 እና 20 እና 8 ተደምሮ 36 ይሆንለታል። ይህ ልክ አይደለም። የ36 ሳንቲ ሜትር ክብ ዙሪያው 113 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የድስቱ አፍ ዙሪያ ግን 63 ብቻ ነው። ዙሪያው ሲጠብ የተረፈው አልሙኒየም አይጠፋም፤ ወደ ላይ ወጥቶ ግድግዳውን ያስረዝመዋል። ስለዚህ ሊተካከል የሚገባው ርዝመቱ ሳይሆን የገጹ ስፋት ነው። ሒሳቡም ይህ ነው፤ የአፉ ስፋት በራሱ ይባዛል፤ 20 በ20፥ 400። ደግሞ አፉ በቁመቱ ተባዝቶ በ4 ይባዛል፤ 20 በ8 በ4፥ 640። ድምሩ 1040 ነው። በራሱ ተባዝቶ 1040 የሚሆነው ቍጥር 32 ከጥቂት ነው፤ ከንፈሩ ሲስተካከል ለሚቈረጠው ጥቂት ተጨምሮ 33 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

የ3 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ምንም የማይመስለው ሰው ካለ ርዝመቱ 2 ሜትር፥ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ ላሜራ ዘርግቶ ይቍጠር። 33 የሆኑት ክቦች በወርዱ 3፥ በርዝመቱ 6 ሆነው 18 ይወጣሉ። 36 የሆኑት ግን በወርዱ 2፥ በርዝመቱ 5 ሆነው 10 ብቻ ናቸው። ክቦቹን አንዱን ረድፍ በሌላው ክፍተት ውስጥ እያስገባ፥ ንብ ሰሙን እንደምታደራጅ ቢያደርጋቸው 15 ይወጣሉ፤ ያም ቢሆን ከ18 ያንሳል። የመዠንግር ንብ አርቢዎች ልጆች ይህን አደራደር ከሌላው ተማሪ ፈጥነው ይረዱታል ተብሎ ይታሰባል፤ ቀፎውን አይተውታልና።

ይህ ሒሳብ የሚያገለግለው ግድግዳው ቀጥ ላለ ድስትና ውፍረቱ ሳይለወጥ ለሚሠራ ሥራ ነው። ጐድጓዳ ሳሕን በአሸዋ ከረጢት ላይ ከውስጥ እየተመታ ሲሠራ ላሜራው እየሳሳ ይለጠጣልና፥ ከአፉ ጥቂት የሰፋ ክብ ይበቃዋል፤ መጠኑን አስቀድሞ በአንድ ላሜራ መሞከር ይሻላል።

በመጨረሻም የሚታየው ገጹ ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ በሚበዛበት ወራት ተነባብሮ የተጫነ ላሜራ ውሃ ከገባበት፥ ውሃው በሁለቱ ገጽ መካከል ተጣብቆ ስለሚቀር ነጭ ቡግር ያወጣል። ገዢው ከላይ ያለውን ብቻ አይቶ አይመን፤ ከመካከል አንዱን መዝዞ ይመልከት። ነጩ በጣት ጥፍር ሲዳሰስ የማይሻክር ከሆነ በአሸዋ ወረቀት ይጠፋል፤ ጥፍር የሚይዝ ጕድጓድ ከሆነ ግን ያ ላሜራ ለድስት አይሆንም፥ ለክዳን ይዋል። በተማሪ ቤትም ላሜራው ከመሬት ከፍ ብሎ፥ በየመካከሉ ደረቅ ወረቀት ገብቶበት፥ ከግድግዳው ርቆ ይቀመጥ።