ነክቶ መልቀቅና ተጭኖ መቆየት፦ በአንድ ቁልፍ ሁለት ሥራ

ባለፈው እትም እናወጣዋለን ያልነው የመጋላው አባት ቃለ ምልልስ ለምን እንደቀረ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናል። ጽሑፉ ተተይቦ አልቆ ነበር። የጠፋብን በአንድ ቁልፍ ነው፤ ያውም ሥራ ያቀልልናል ብለን ራሳችን ባዘጋጀነው ቁልፍ። በዛሬው የኮምፒውተር ዓምዳችን ስለዚያ ቁልፍ እንማማራለን። ዘዴው ጠቃሚ ስለሆነ ተዉት አንልም፤ የእኛን ስህተት ግን እንዳትደግሙት።

ነገሩ የጀመረው ከቋንቋ ነው። ድሬዳዋ ላይ አንድ ገጽ በአንድ ፊደል ብቻ አያልቅም። ዋናው ጽሑፍ አማርኛ ይሆናል፤ ማስታወቂያው በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ፣ በላቲን ፊደል ይመጣል፤ የኪታቡ ስም ደግሞ በዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል። በዊንዶውስ ኦልትንና ሺፍትን አብሮ መጫን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ያሻግራል። ሦስት ቋንቋ ሲኖር ግን በዙር ስለሚሄድ አማርኛ ፈልጋችሁ ዐረብኛ ላይ ታርፋላችሁ። ዓይናችን ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ሆኖ ግማሽ አንቀጽ በማይፈለግ ፊደል የተየብንባቸው ምሽቶች ጥቂት አይደሉም።

አፕል ለዚህ ያበጀው መላ አለ። በማክ ኮምፒውተር ላይ ካፕስ ሎክ ነካ ተደርጎ ሲለቀቅ ቋንቋ እንዲቀይር፣ ተጭነው ሲቆዩበት ደግሞ የወትሮ ሥራውን እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ቁልፉ አንድ ነው፤ ሁለቱን ሥራዎች የሚለያቸው ጣት የቆየበት ጊዜ ብቻ ነው። ሐሳቡም አዲስ አይደለም። የሞርስ ቴሌግራፍ ፊደልን ሁሉ በአንድ መምቻ ያስተላለፈው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ረጅሙ ምልክት የአጭሩን ሦስት እጥፍ ይቆያል። የላፕቶፓችን ማብሪያ ቁልፍም ነካ ሲደረግ ማሽኑን ያስተኛል ወይም በሥርዓቱ ይዘጋል፤ አራት ሰከንድ ያህል ተጭነን ከቆየን ግን ኃይሉን በግድ ይቆርጣል።

ኪቦርዱ ይህን እንዴት ያውቃል? ብዙዎቻችን ቁልፍ ስንጫን አንድ መልእክት ብቻ የሚሄድ ይመስለናል። የሚሄዱት ሁለት ናቸው፤ አንዱ "ተጫነ"፣ ሌላው "ተለቀቀ" ይላል። በቀድሞው የአይቢኤም ፒሲ ኪቦርድ ለምሳሌ የላቲኑ "ኤ" ቁልፍ ሲጫን 30 ቁጥር ይላካል፣ ሲለቀቅ 158። ልዩነቱ 128 ነው፤ ለሌሎቹ ፊደላትም እንዲሁ። ስለዚህ በሁለቱ መልእክቶች መካከል ያለፈውን ጊዜ የሚቆጥር ፕሮግራም ካለ አጭሩን ከረጅሙ መለየት ቀላል ነው። አንድ የሚያደናግር ነገር ግን አለ፤ ቁልፉን ተጭነን ስንቆይ "ተጫነ" የሚለው መልእክት በተደጋጋሚ ይመጣል። አንድ ፊደል ተጭነን ስንቆይ መስመሩ በዚያው ፊደል የሚሞላው ለዚህ ነው። በዊንዶውስ ድግግሞሹ ከመጀመሩ በፊት ያለው ጊዜ ከሩብ ሰከንድ እስከ አንድ ሰከንድ ድረስ ይስተካከላል።

እኛ የተጠቀምነው ኦቶሆትኪ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ነው። ክሪስ ማሌት የተባለ ሰው በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን ሁለተኛው ትውልዱ በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። የምንፈልገውን በተራ የጽሑፍ ፋይል እንጽፍለታለን፤ ፋይሉ ስክሪፕት ይባላል። ለእኛ ጉዳይ ቁልፉ ትእዛዝ ኪይዌይት ነው፤ ትርጉሙ "ቁልፉ እስኪለቀቅ ጠብቅ" ማለት ነው። ከጎኑ የጊዜ ገደብ ይሰጠዋል። ቁልፉ ገደቡ ሳያልፍ ከተለቀቀ 1 ይመልሳል፣ ገደቡ ካለፈ 0። እንግዲህ ስክሪፕቱ ወደ አማርኛ ቢመለስ እንዲህ ይነበባል፦ "ኤፍ 8 ሲጫን ግማሽ ሰከንድ ጠብቅ፤ ከተለቀቀ የመጀመሪያውን ሥራ ሥራ፤ ካልተለቀቀ ሁለተኛውን ሥራ፣ ከዚያም እስኪለቀቅ ድረስ ዝም በል።" የመጨረሻዋን ሐረግ የሚዘነጋ ብዙ ነው። እሷ ከሌለች ያ ተደጋጋሚው "ተጫነ" መልእክት ትእዛዙን እንደገና ይቀሰቅሰዋል፤ ጣታችሁ እስኪነሳ ድረስም ረጅሙ ሥራ ደጋግሞ ይሠራል።

ቁልፉ ከኮንትሮል ጋር የተጣመረ ከሆነ የሚለካው ኮንትሮል ሳይሆን መጨረሻ የተጫነው ቁልፍ ነው። በስክሪፕቱ ውስጥ የአማርኛ ወይም የዐረብኛ ጽሑፍ የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 አስቀምጡት፤ አለዚያ ሰላምታችሁ ጥያቄ ምልክትና ቁርጥራጭ ሆኖ ይወጣል።

ለቋንቋው ያደረግነው ይኸውላችሁ። በዊንዶውስ የቋንቋ ቅንብር ውስጥ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን አቋራጭ መስጠት ይቻላል፤ ለአማርኛ የግራ ኦልትና ሺፍት ከ1 ጋር፣ ለእንግሊዝኛ ከ2 ጋር፣ ለዐረብኛ ከ3 ጋር አደረግን። ከዚያ ኤፍ 8 ነካ ሲደረግ ከአማርኛ ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ አማርኛ እንዲመላለስ፣ ተጭነን ስንቆይ ግን በቀጥታ ዐረብኛ ላይ እንዲያሳርፈን አዘዝን። ዙሩ ቀረ። ቀኑን ሙሉ የምንመላለስበት ነገር በአጭሩ፣ አልፎ አልፎ የምንፈልገው በረጅሙ ሆነ። አልሐምዱሊላህ፣ ይህ ክፍል እስከ ዛሬ ያለ ችግር እየሠራ ነው።

ለምን በፊደል ቁልፍ ላይ አላደረጋችሁትም የሚል ይኖራል። ሞክረነዋል፤ በተለይ ለአማርኛ አይሆንም። በፊደል ላይ ሁለት ሥራ ከተደረበ ፕሮግራሙ ጣት እስኪነሳ ድረስ የቱ እንደተፈለገ ስለማያውቅ ፊደሉን ይዞ ይቆያል። ፈጣን ጸሐፊ ደግሞ አንዱን ቁልፍ ሳይለቅ ቀጣዩን ይጫናል። በድምፅ አጻጻፍ "ሳ"ን ለመጻፍ የ"ስ"ን ቁልፍ ቀጥሎም የ"አ"ን ቁልፍ እንመታለን፤ "ስ" ታግዶ "አ" ከቀደመ የሚወጣው "አስ" ነው። በእንግሊዝኛ ሁለት ፊደል ቦታ ተቀያየሩ ተብሎ ይታረማል፤ በእኛ ግን ፊደሉ ራሱ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ከኤፍ 1 እስከ ኤፍ 12 ያሉትንና ካፕስ ሎክን ብቻ ተጠቀሙ።

አሁን ወደ ጠፋው ጽሑፍ እንምጣ። በኤፍ 8 ደስ ስላለን ወደ ኤፍ 9 ተሻገርን። ነካ ሲደረግ ፋይሉን እንዲያስቀምጥ፣ ተጭነው ሲቆዩበት ሳያስቀምጥ እንዲዘጋ አደረግነው። ሁለቱም "የመጨረሻ ሥራ" ስለሆኑ አብረው ይሂዱ ነበር ሐሳባችን። ዛሬ ስናስበው ይህን ሐሳብ ያመጣው ማን እንደሆነ ማንም አያስታውስም! የጊዜ ገደቡንም 0.3 ሰከንድ አልነው፤ ምክንያቱም ስክሪፕቱን የጻፈው ወንድማችን ፈጣን ጣት አለው፤ ከዚያ በላይ መጠበቅም ይሰለቸዋል።

ቃለ ምልልሱን የተየበው ሌላ ወንድማችን ነው። በልጅነቱ የቀኝ እጁ ተጎድቶ ስለነበር ጣቶቹ ቀስ ብለው ነው የሚነሱት። ከዐስር በኋላ ተቀምጦ መግሪብ ሊደርስ ሲል ጨረሰ፤ ለማስቀመጥ ኤፍ 9ን ነካ። ለእሱ መንካት ነበር፤ ለስክሪፕቱ ግን ተጭኖ መቆየት ሆነ። መስኮቱ ተዘጋ። ፋይሉ ገና ስም ያልተሰጠው አዲስ ፋይል ነበር፤ የድምፅ ቅጂውንም ስልኩ ስለሞላ ቀድመን አጥፍተነዋል። የመጀመሪያው ንግግራችን "ምን ነካህ?" የሚል ነበር። እሱም "እኔ እንጃ፣ አስቀመጥኩት መሰለኝ" ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። ሳምንት ሙሉ ወደ ክፍሉ አልመጣም።

እውነቱ የወጣው ስንለካ ነው። ኦቶሆትኪ የቁልፎች ታሪክ የሚባል መስኮት አለው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ መቼ እንደተጫነና እንደተለቀቀ፣ በመካከል ስንት ሰከንድ እንዳለፈ ያሳያል። ሁላችንም ተራ በተራ ሃያ ጊዜ ነካን። ስክሪፕቱን የጻፈው ወንድም 0.1 ሰከንድ አካባቢ ነው። አብዛኞቻችን ከዚያ ብዙም አንርቅም። ያ ወንድማችን ግን 0.35 እና 0.45 መካከል ነበር፤ አንድም ጊዜ ከ0.3 በታች አልወረደም። እኛ በሠራነው ቁልፍ ፋይል ማስቀመጥ ለእሱ ከመጀመሪያውም የማይቻል ነበር ማለት ነው። ዐፉ እንዲለን ጠየቅነው፤ አለን።

ከዚያ በኋላ ገደቡን 0.7 አደረግነው። የሚወሰነው በቀርፋፋው ጣት ነው፤ ፈጣኑ ትንሽ ቢጠብቅ ምንም አይጠፋበትም። እንዳይሰለቸውም ገደቡ ሲያልፍ ኮምፒውተሩ "ቢፕ" እንዲል ጨመርን፤ ድምፁን የሰማ ጣቱን ያነሳል፣ መገመት የለበትም። ለማነጻጸር ያህል፣ በማክ ላይ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ካራቢነር የተባለው ፕሮግራም ሌላ ካልተነገረው ግማሽ ሰከንድ ይጠብቃል፤ ኪውኤምኬ የተባለው የኪቦርድ ሶፍትዌር 0.2 ብቻ። እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው፤ ለብዙ ሰው የጋራ ኮምፒውተር 0.2 አይመከርም። ሳያስቀምጥ የሚዘጋውን ሥራ ደግሞ ከነጭራሹ አነሳነው። ኤፍ 9 አሁን ነካ ሲደረግ ያስቀምጣል፣ ተጭነው ሲቆዩበት በሌላ ስም ተጨማሪ ቅጂ ያስቀምጣል። ጣት ቢሳሳት ትርፍ ፋይል ይኖረናል እንጂ የሚጎድል የለም።

ስለ ድሬዳዋ አቧራም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ቁልፍ ሥር የገባ አሸዋ ቁልፉን ቶሎ እንዳይነሳ ያደርገዋል፤ ይህም ለኮምፒውተሩ "ተጭኖ መቆየት" ነው። ዊንዶውስ ራሱ የደበቃቸው ረጅም ጭነቶች ስላሉ ስክሪፕት የሌለውንም ሰው ያገኘዋል። የቀኙ ሺፍት ስምንት ሰከንድ ከተያዘ ፊልተር ኪይስ የሚባለው ይነሳል፤ ከዚያ ፈጠን ያሉ ንክኪዎችን ኮምፒውተሩ አይቀበልም። "ኪቦርዴ ሞተ" ብላችሁ ወደ ጥገና ከመሄዳችሁ በፊት የቀኙን ሺፍት እንደገና ስምንት ሰከንድ ይዛችሁ ሞክሩ። ይህ ቅንብር የተሠራው እጃቸው ለሚንቀጠቀጥና ቁልፍ ሳያስቡት ለሚነኩ ሰዎች ነው፤ ለሚፈልገው ትልቅ እገዛ ነው።

የመጋላው አባት ዘንድ ተመልሰን ሄደን አፉ ብለናቸው እንደገና ነገሩን፣ ጀዛሁላህ ኸይረን። በዚህ እትም ታነቡታላችሁ። ከመጀመሪያው ያጠረ ነው፤ ስለ ጣቢያው ሌሊት ፈረቃ የተናገሩትን በሁለተኛው ቀን አላነሱትም፣ እኛም ለመጠየቅ አፈርን። የተየበው ያው ወንድማችን ነው። ስክሪፕቱ በጀመዓው ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ላይ አለ፤ ወስዳችሁ በየላፕቶፓችሁ መጫን ትችላላችሁ፣ ቁጥሩን ግን መጀመሪያ ጣታችሁን ለክታችሁ ሙሉት።