የቲሙን ከነቤተሰቡ ወደ ትምህርት ገበታ መመለስ

 

  በዚህ ትምህርታችን የምንመለከተው ከትምህርት ገበታቸው ስለ ራቁ የቲሞች፣ እነርሱን ለመመለስም ከእያንዳንዳችን ስለሚጠበቀው ነገር ነው። ምሳሌያችንን ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከሰሜን ተራሮች ግርጌ እንወስዳለን። ቁም ነገሩ ግን የቲም ባለበት ቦታ ሁሉ የሚሠራ ነው።

የቲም ማን ነው?

በሸሪዓ አነጋገር የቲም የሚባለው ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱን ያጣ ልጅ ነው። እናቱ በሕይወት ብትኖርም የቲም ነው፤ ቀለቡን የመሸፈን ግዴታ ያለበት ሰው ሞቶበታልና። ልጁ ለአካለ መጠን ሲደርስ ይህ ስም እንደሚቀርለት በሐዲስ ተላልፏል። ነገር ግን ስሙ ቀረ ማለት ችግሩም ቀረ ማለት ነውን?

ሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 6 አሳዳጊዎች የየቲሙን ገንዘብ ለራሱ እንዲያስረክቡ ሲያዝ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይጠይቃል። አንደኛው ለአካለ መጠን መድረስ ነው። ሁለተኛው «ሩሽድ» ነው፤ ይኸውም ገንዘብን በአግባቡ ለመምራት የሚያስችል ብስለት ነው። ዕድሜ ብቻውን በቂ ሆኖ አልተቆጠረም፤ ልጁ እንዲፈተንና አቅሙ እንዲታይ ተደርጓል። እንግዲህ ዓላማው ልጁን ራሱን እስኪችል ማድረስ እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን።

በአካባቢያችን አብዛኛው ልጅ ለአካለ መጠን የሚደርሰው ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ላይ ሳለ ነው። የገጠር ልጅ ወጪ ከፍ የሚለውም ልክ በዚያን ጊዜ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወዳለበት ከተማ ሄዶ ቤት ይከራያል፤ በየሳምንቱ ወይም በየአስራ አምስት ቀኑ ከቤቱ ስንቅ ያመላልሳል። ስለዚህ «የቲምነቱ አብቅቷል» ብለን ድጋፉን በዚያ ዓመት ብናቋርጥ፣ ወንዝ ስናሻግረው ቆይተን መሐል ላይ እጁን እንደ መልቀቅ ነው። ስሙ ቢቀርም ድሀ ተማሪ ነውና በድህነቱ ሊረዳ ይገባዋል።

ከማዕዳችሁ አትለዩት

የየቲምን ገንዘብ ያለ አግባብ መብላት በብርቱ የተወገዘ መሆኑ በተነገረ ጊዜ፣ የቲም ያሳድጉ የነበሩ ሰሓባዎች እጅግ ፈሩ። የየቲሙን ምግብ ከራሳቸው ምግብ ለዩት፤ ተርፎት ያደረውም እስኪበላሽ ድረስ ሳይነካ ይቀመጥ ጀመር። ነገሩ ስለከበዳቸው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቀረቡ። ያን ጊዜ የሱረቱል በቀራ አንቀጽ 220 ወረደ። መልእክቱም ለየቲሞች ሁኔታቸውን ማሻሻል በላጭ መሆኑን፣ ከእነርሱ ጋር መቀላቀልም የተፈቀደ መሆኑን፣ ወንድሞቻችንም እንደሆኑ የሚያስረዳ ነው።

ከዚህ አንቀጽ ሁለት ትምህርቶችን እንወስዳለን። የመጀመሪያው «ኢስላሕ» ነው፤ ማለትም መጠገን፣ ማሻሻል። ለየቲም የምንሰጠው ነገር ሚዛኑ የእርሱን ሁኔታ ማሻሻሉ እንጂ የእኛ የመስጠት ደስታ አይደለም። ሁለተኛው መቀላቀል ነው። የቲሙን ከቤተሰቡ ነጥለን ለእርሱ ብቻ ደብተርና ጫማ ብንሰጠው፣ እናቱና ታናናሾቹ ግን ጾማቸውን ቢያድሩ፣ ልጁ ደብተሩን አስቀምጦ የሰው ከብት ሊጠብቅ ይሄዳል። የቲም የሚማረው ቤቱ ሲቆም ነው።

በአካባቢያችን የደረሰው

እስኪ በመስከረም 2012 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባ አንድ ልጅ እናስብ። የመጀመሪያ ዓመቱን ሳያጠናቅቅ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በመላ አገሪቱ ተዘጉ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ተቀሰቀሰ። በዚያው ዓመት ክረምት ውጊያው ወደ ሰሜን ጎንደር ዘለቀ፤ በነሐሴ መጨረሻም በዳባት ወረዳ ጭና አካባቢ ንጹሐን ዜጎች ተገደሉ። ደባርቅና ዳባት ከየአቅጣጫው የሸሹ ተፈናቃዮችን ተቀበሉ፤ የመማሪያ ክፍሎችም መጠለያ ሆኑ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት በተከታዮቹ ዓመታት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ከትምህርት ገበታ አራቀ። ይህ ልጅ ነገሮች ሁሉ ሰላም ቢሆኑ ኖሮ በ2017 ዓ.ም. ስድስተኛ ክፍል ደርሶ ለክልል ፈተና ይቀመጥ ነበር። አባቱ ከእነዚህ ዓመታት በአንዱ ከሞተ ደግሞ፣ ከመቋረጡ ላይ የቲምነት ተደረበበት ማለት ነው።

የሙስሊሙ ቤተሰብ ችግር የራሱ ታሪክም አለው። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወስኖ ነበር። ከርስት ባለቤትነት የተገለሉት አያቶቻችን በንግድና በሽመና ይተዳደሩ ነበር። መሬት ለአራሹ የሆነው በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው። ዛሬም ከመሬት ይልቅ በንግድና በእጅ ሙያ የሚኖረው ቤተሰብ ብዙ ነው። የነጋዴ ወይም የሸማኔ ቤት አባት ሲሞት ሙያውና ደንበኛው አብረውት ይሄዳሉ፤ የሚታረስ ማሳ አይቀርም። በአንድ ወር ውስጥ ቤቱ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ማሳ የነበራቸውም ቢሆኑ ሁልጊዜ አልቆዩበትም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። በፓርኩ ውስጥ በግጭ ይኖሩ የነበሩ ከ400 በላይ አባወራዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከተማ ዳር እንዲሰፍሩ ተደርጓል፤ እነርሱም ሙስሊም ገበሬዎች ነበሩ። ገብስ ከማሳው፣ በግ ከግጦሹ ያገኝ የነበረ ሰው ከተማ ሲገባ ሁሉን በገንዘብ ይገዛል። ለልጆቹ ትምህርት ቤት ቀርቧል፤ ሆኖም የጎተራው እህል ርቋል። እንዲህ ባለ ቤት አባት ሲሞት የበኩር ልጅ የቀን ሥራ ፍለጋ ይወጣል። ከጦርነቱ ወዲህ የቱሪስቱ ጉዞ በመቀዝቀዙ ደግሞ በቅሎ በመጫንና በመምራት ይገኝ የነበረው ገቢም ቀነሰ።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ልጁን በስሙ እንወቀው። ከየትኛው ክፍል በየትኛው ዓመት እንዳቋረጠ፣ የውጤት ካርዱና መሸኛው በእጁ ይኑር አይኑር ተጠይቆ ይመዝገብ። ማስረጃው በስደት የጠፋበት ልጅ «ወረቀት የለውም» ተብሎ እንዳይቀር፣ አንድ የጀመዓው ሽማግሌ ከእናቱ ጋር ወደ ርእሰ መምህሩ ይሂድ፤ አቅሙ ተመዝኖ የሚመደብበትን መንገድ ይጠይቅለት። እናት ብቻዋን ስትሄድ የሚዘጋው በር ሽማግሌ ሲጨመር ብዙ ጊዜ ይከፈታል።

ሁለተኛ፣ ድጋፉ በጊዜው ይድረስ። ትምህርት የሚከፈተው በመስከረም ነው፤ የደጋው ገብስ ግን የሚታጨደው ከኅዳር ወዲህ ነው። ስለዚህ የምዝገባው ወር ጎተራ የሚራቆትበት ወር ነው። በነሐሴ የተሰጠ አንድ ኩንታል እህል በጥር ከሚሰጥ ሁለት ኩንታል የበለጠ ልጅን ከትምህርት ቤት ያገናኛል።

ሦስተኛ፣ እናት ገቢ ታግኝ። በጎች፣ የፈትል ጥጥ፣ ለጉልት ንግድ የሚሆን መነሻ፣ ማንኛውም እርሷ የምታውቀው ሥራ ይሁን። ልጅ በሳምንት አንድ ቀን እናቱን ለመርዳት ቢቀር፣ በ40 ሳምንታት 40 የትምህርት ቀን ይጎድልበታል፤ ይህም ስምንት ሙሉ ሳምንታት ማለት ነው። እናት የቀን ሥራውን የምትቀጥርበት አቅም ካገኘች ይህ ጉድለት ይሞላል።

አራተኛ፣ መመለስ ብቻ በቂ አይደለም። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 5.4 ከመቶ ከፍ ብሏል። ሳያቋርጥ የተማረው እንዲህ ከከበደው፣ ሦስት ዓመት ያቋረጠው ምን ሊሆን ነው? ስለዚህ ማካካሻ ትምህርት ያስፈልገዋል። የበድር ምርኮኞች ቤዛ የሚከፍሉት ባጡ ጊዜ፣ መጻፍ የሚችሉት የአንሷርን ልጆች ጽሕፈት እንዲያስተምሩ መደረጉ ተዘግቧል። ከምርኮኛ እንኳ ትምህርት ተፈልጓል። ታዲያ እኛ ከጀመዓችን የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሳምንት ሁለት ከሰዓት እንዴት አንጠይቅም? ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ቀበሌም ልጁን ወደ አደጋ ሳንልክ፣ በመድረሳው ጥላ ሥር ንባብና ስሌት ሊቀጥል ይችላል።

አምስተኛ፣ ክብሩ ይጠበቅ። ልጁን በሰው ፊት አቁሞ ደብተር ማስጨበጥና ፎቶግራፍ ማንሣት እጁን ቢሞላም አንገቱን ያስደፋል። ሱረቱል በቀራ አንቀጽ 264 መመጻደቅ ሰደቃን እንደሚያበላሽ ያስጠነቅቃል፤ አንቀጽ 271 ደግሞ ለድሆች በስውር መስጠትን በላጭ ያደርጋል።

ስድስተኛ፣ ዘካንና ሰደቃን እንለይ። በሱረቱ ተውባ አንቀጽ 60 ከተዘረዘሩት ስምንቱ የዘካ ተቀባዮች ውስጥ የቲም በየቲምነቱ አልተጠቀሰም። ዘካ የሚገባው ድሀ ወይም ምስኪን ከሆነ ነው፤ አባቱ በቂ ሀብት የተወለት የቲም የሚፈልገው ታማኝ ጠባቂ ነው። ሰደቃ ግን ሰፊ ነው። በአንድ ወንበር አብሮት የሚቀመጠው የክርስቲያን ጎረቤት የቲምም ከእርሱ ይደርሰዋል፤ ጦርነቱ ሁለቱንም በአንድነት አስለቅሷቸዋልና።

ለእናቶችና ለአሳዳጊዎች

ውድ እናቶች! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሳይወለዱ አባታቸውን፣ በስድስት ዓመታቸው እናታቸውን፣ በስምንት ዓመታቸው አያታቸውን አጥተው በአጎታቸው በአቡ ጧሊብ ቤት አደጉ። ኢማም ሻፊዒይም የቲም ነበሩ፤ እናታቸው ለመምህሩ የምትከፍለው አልነበራትም። መምህሩ በማይኖርበት ጊዜ ልጁ ሌሎቹን እያስጠና ያለ ክፍያ እንዲማር ተፈቀደለት፤ ወረቀት ሲያጣም በአጥንት ላይ ይጽፍ ነበር። ድህነት እናቲቱን ከማስተማር አልከለከላትም፤ መምህሩም በሩን አልዘጋባትም። አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም ነበር።

ስለዚህ ከእናንተ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ልጁ የቀረበትን ቀን ቁጠሩ፤ ምክንያቱንም ለድጋፍ ሰጪው በግልጽ ንገሩ። የቁርአን ቂርአቱ በጧት ወይም በማታ ይሁን፤ ከትምህርት ቤቱ ሰዓት ጋር አይጋጭ፤ ሁለቱም ዕውቀቶች ለልጁ ያስፈልጉታልና። ሴት ልጃችሁንም «አባት ስለሌላት በጊዜ ትዳር» ብላችሁ ከክፍል አታውጧት፤ ነገ የራሷን ቤትና የእናንተን እርጅና የምትደግፈው ተምራ ነው።

ለጋሾች ሆይ! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። አንድ ሰው አንድን ቤተሰብ ዓመት ሙሉ መደገፍ ቢያቅተው፣ አምስት ቤተሰቦች ተባብረው አንድን የቲም ከነእናቱ ይያዙ። ከያዙት በኋላ ግን እስከ 12ኛ ክፍል አይልቀቁት። የቲምን የሚያሳድግ ሰው በጀነት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር እንደ ሁለት ጎን ለጎን ጣቶች የሚቀራረብ መሆኑ በሶሒሕ ሐዲስ ተነግሯል። ይህን ጉርብትና የሚሻ ሁሉ በጀመዓው ያለውን አንድ የቲም ስም ዛሬውኑ ይጠይቅ።

አላህ ለአገራችን ሰላሙን፣ ለየቲሞቻችን ጠቃሚ ዕውቀትን፣ ለእናቶቻቸው ብርታትን፣ ለለጋሾቻችን ኢኽላስን ይስጥልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።