የታጠቡበትን ውሃ ለጓሮ አትክልት ስለ ማዋል

በደብረ ታቦርና በጋፋት አካባቢ ዝናም በብዛት የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንጩ እየሳሳ ይሄዳል። ዝናሙ ባጠረበት ዓመት፥ በ2008 ዓ.ም. በእብናትና በጋይንት እንደ ታየው፥ ችግሩ ይበረታል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ውሃ ለመቆጠብ ሲል መታጠብን ይተዋል፤ ይህ ግን ትራኮማን፥ እከክንና ቅማልን ይጋብዛል። ስለዚህ የሚሻለው ውሃውን አስቀድሞ ለንጽሕና፥ ቀጥሎም ለአትክልት ማዋል ነው።

1ኛ፤ ፊት፥ እጅ፥ ገላና ልብስ የታጠበበት ውሃ ለአትክልት ይሆናል። የሕፃን ሽንት ጨርቅ፥ የበሽተኛ ልብስ ወይም ጥሬ ሥጋ የታጠበበት፥ በረኪናም የገባበት ግን አይሆንም።

2ኛ፤ ውሃው በዕለቱ ይፍሰስ፤ ካደረ ይሸታል፥ ተሐዋስያንም ይራቡበታል።

3ኛ፤ በቀስታ ከሥሩ ይፍሰስ እንጂ ቅጠልና ፍሬ አይንካ። ለጌሾና ለኮክ ይስማማል፤ በጥሬው ለሚበሉት ለሰላጣ፥ ለካሮትና ለቃሪያ ግን ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋቸዋል።

4ኛ፤ በሳሙና ውስጥ ያለው ጨው ተከማችቶ መሬቱን እንዳያበላሽ፥ የሚፈስበት ቦታ ይለዋወጥ።

5ኛ፤ ከምንጭና ከውሃ ጉድጓድ ይራቅ፤ አትክልት ያጠጣም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ።

እናት በጀርባዋ ተሸክማ ያመጣችው አንድ እንስራ ውሃ ልጆቿን አንጽቶ ጓሮዋንም ካለመለመ፥ ድካሟ ሁለት ፍሬ አፈራ ማለት ነው።