የአፈር መሸርሸርን ትምህርት በኮምፒዩተር ሞዴል ስለ መፈተን
(ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የሳይንስ መምህራንና ለልማት ሠራተኞች)

በደባርቅና በዳባት ገብስ የሚዘራበት ብዙ ማሳ ተዳፋት ነው። የክረምት ጎርፍ ከዚያ የሚወስደው አፈር በአንድ ሰው ዕድሜ አይተካም። ስለዚህ ተማሪ «የአፈር መሸርሸር ምንድን ነው?» ሲባል ትርጉሙን በቃሉ መድገሙ አይበቃም። ነገ ሲያርስ የትኛውን ነገር ለውጦ አፈሩን ሊያድን እንደሚችል ማወቁ መመዘን አለበት። ይህን በማሳ ላይ ለመፈተን ብዙ ክረምት ያስፈልጋል፤ በኮምፒዩተር ግን አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በስሜን ተራሮች የአፈር መሸርሸርን ያጠኑት ስዊሳዊው ሃንስ ሁርኒ፣ በ1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተገኘውን የአፈር መታጠብ ቀመር ለኢትዮጵያ አስማምተዋል። ቀመሩ ስድስት ቁጥሮችን ያባዛል፤ እነርሱም የዝናብ ኃይል፣ የአፈር ዓይነት፣ የተዳፋት ርዝመት፣ ቁልቁለት፣ የሰብል ሽፋንና የማሳ አያያዝ ናቸው። መምህሩ በማናቸውም የሠንጠረዥ ፕሮግራም ሊያዘጋጀው ይችላል።

ለምሳሌ የዓመቱ ዝናብ 1200 ሚሊ ሜትር (666)፣ አፈሩ ቡናማ (0.20)፣ ርዝመቱ 80 ሜትር (1.9)፣ ቁልቁለቱ 20 በመቶ (2.2)፣ ሰብሉ ገብስ (0.15)፣ እርሻው ሽቅብና ቁልቁል (1.0) ይሁን። በሄክታር በዓመት ወደ 84 ቶን አፈር ይታጠባል።

ተማሪው ቁጥር ከመንካቱ በፊት ግምቱን በደብተሩ ይጻፍ። «በየ40 ሜትሩ እርከን ቢሠራ ጉዳቱ በግማሽ ይቀንሳልን?» ተብሎ ይጠየቅ። ብዙዎቹ አዎን ማለታቸው አይቀርም። ሞዴሉ ግን 62 ቶን ያህል ይሰጣል፤ በየ20 ሜትሩ ሲሆን 44 ይደርሳል። አግድም ማረስ ብቻውን 75 ሲያደርሰው፣ ገብሱ በጤፍ ቢተካ 139 ይሆናል። ጤፍ ብዙ ጊዜ ታርሶ በደቀቀ መሬት ላይ ስለሚዘራና ዘግይቶ ስለሚሸፍን ነው።

ነጥብ የሚሰጠው ለመጨረሻው ቁጥር አይደለም። ተማሪው አንድ በአንድ እየለወጠ ነው ወይስ ሁሉንም ባንድ ጊዜ? ግምቱ ሲሳሳት ምክንያቱን ፈልጓል? ቁልቁለቱን 5 በመቶ አድርጎ አነስተኛ ቁጥር ያገኘ ተማሪ ጨዋታውን አሸንፏል፤ ነገር ግን ገበሬው ተራራውን ሊያስተኛ አይችልም። «እርከኑ በብዙ ዓመት አፈር ይዞ ማሳውን ያስተካክለዋል» ብሎ ካስረዳ ግን ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። እንዲህ ያለው መልስ በምርጫ ፈተና ከቶ አይገኝም።

ኮምፒዩተሩ አንድ ብቻ ከሆነ መምህሩ ቁልፉን ይምታ፤ ክፍሉ በቡድን ይወስን። ግምት ግን በየግል ይጻፍ፤ አለዚያ ጎበዙ ለሁሉም ይመልስላቸዋል።

ቀመሩ ቦረቦርን አይቆጥርም። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀን ተማሪዎቹ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለ ተዳፋት ላይ ርዝመቱን በገመድ ለክተው፣ ሞዴሉ የሳተውን ቦረቦር እንዲያሳዩ ይደረግ።