ስለ ኢሙሌተር አጀማመር

ኢሙሌተር ማለት አንዱ ኮምፒዩተር የሌላውን ጠባይ አስመስሎ እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ጌም ቦይ ስክሪኑ 160 በ144 ነጥብ ብቻ፣ ቀለሙም አራት ደረጃ ብቻ ስለ ነበረ፣ የዛሬው የእጅ ኮምፒዩተር፣ ስልክም ቢሆን፣ ያለ ድካም ያስመስለዋል። ስለዚህ ጀማሪ ሁሉ ከእርሱ ቢጀምር ይሻለዋል፤ ጨዋታውንም ደራሲዎቹ በነጻ ከለቀቋቸው መካከል ይምረጥ።

ነገር ግን ጓደኞቼ ሆይ፣ ጨዋታን ማስቀመጥ ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ በሉ። አንደኛው በጨዋታው በራሱ ውስጥ የሚደረገው ነው፤ ይኸውም ቀድሞ በካሴቱ ውስጥ በባትሪ ይጠበቅ የነበረው ሲሆን፣ ወደ ሌላ ኢሙሌተር ብዙ ጊዜ ይሻገራል። ሁለተኛው ኢሙሌተሩ የመሣሪያውን ጠቅላላ ሁኔታ በቅጽበት የሚገለብጠው ነው፤ ይህ ግን ፕሮግራሙ በታደሰ ጊዜ አልከፈት ሊል ይችላል። እኔ ይህን ሳላውቅ ፕሮግራሙን አደስሁና የታናሽ እኅቴን የሦስት ሳምንት ድካም አጠፋሁባት። እስከ ዛሬም መሣሪያዋን አታውሰኝም።