ስለ ስደተኛና ስለ ወሰን

ስደት የሚለው ቃል በግዕዝ ሰደደ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም አባረረ፣ አስወጣ ማለት ነው። እንግዲህ ስደተኛ ማለት መንገድ ያማረው ሰው ሳይሆን የተባረረ ሰው ነው። ወሰን ደግሞ አንዱ ርስት ከሌላው የሚለይበት ምልክት ነው። ባላገር ወሰንን በወንዝ፣ በድንጋይና በዛፍ ያውቀዋል፤ መንግሥት ግን በካርታና በውል ያውቀዋል።

ኪራሙ ከነቀምት በስተ ሰሜን በወለጋ ዳርቻ ያለች አገር ናት፤ ከዓባይ ማዶ ጎጃም ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም እና ከዚያም በኋላ በታጣቂዎች ጥቃትና በበቀል በዚህች ወረዳ ብዙ ሰው ሞተ፤ ኦሮሞውም አማራውም ቤቱን፣ ከብቱንና አዝመራውን ጥሎ ሸሸ። አንዱ ወደ ጎረቤት ወረዳ፣ አንዱ ወደ ነቀምት፣ አንዱም ዓባይን ተሻግሮ ሄደ። እነዚህ ሁሉ በሕግ ተፈናቃዮች ይባላሉ እንጂ ስደተኞች አይባሉም፤ የመንግሥትን ወሰን አልተሻገሩምና። በሰው ደጅ ለሚያድር ሰው ግን የስሙ ልዩነት እምብዛም አይታየውም።

ሆኖም ልዩነቱ ከንቱ አይደለም። ተፈናቃይ በገዛ መንግሥቱ እጅ ነው፤ ስደተኛ ግን በሌላ መንግሥት እጅ ነው። ስለዚህ በ1943 ዓ.ም በጄኔቫ፣ በ1961 ዓ.ም መጨረሻም በአዲስ አበባ መንግሥታት ስለ ስደተኛ ውል ተዋዋሉ። ከውሉም ዋናው ቃል ስደተኛውን ወደ ሸሸው አደጋ መመለስ ክልክል ነው የሚል ነው።

ወሰን በስደተኛ ኑሮ ላይ የሚሠራውን ሥራ ለመረዳት ከታላላቆቹ አገሮች ይልቅ ትንሽቱን ጎረቤት ጅቡቲን መመልከት ይጠቅማል። ስፋትዋ 23,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሕዝብዋም አንድ ሚሊዮን ያህል ቢሆን ነው፤ ምድርዋ ደረቅና ድንጋያማ ነው። ነጻነትዋን ያገኘችው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም ነው። ወዲያው በኢትዮጵያና በሶማልያ መካከል ጦርነት በመነሣቱ ለራስዋ ገና ያልጸናችው አገር ከኢትዮጵያ የሸሹትን ተቀበለች፤ በዲኪልና በአሊ ሳቢህም ሰፈሩ።

ከነዚያ ስደተኞች ብዙዎቹ ከወሰኑ ወዲያና ወዲህ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ የኢሳ ሶማሌና የአፋር ሰዎች ነበሩ። ዘመዱ ተቀበለው፤ ውኃም አጠጣው፤ ወረቀት ሲጠየቅ ግን የውጭ አገር ሰው ሆነ። ከደርግ የሸሸው የደጋ ከተማ ሰው ደግሞ ወረቀትም ዘመድም አልነበረውም፤ በጅቡቲ ከተማ ፖሊስን እየፈራ የሰው ሥራ እየሠራ ኖረ። በኋላም ስደተኞቹን ወደ ኢትዮጵያ የመመለስ ሥራ ተጀመረ፤ ነገር ግን መመለሱ በእውነት በፈቃድ ነውን የሚል ክርክር ተነሣ። ከዚያም ሌሎች መጡ፤ ከሶማልያ፣ ከኤርትራ፣ ከ2007 ዓ.ም ጀምሮም ባሕር ተሻግረው ከየመን።

መምህራን ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር ይህ ነው። በአሊ አዴ መጠለያ ያደጉ የስደተኞች ልጆች ለብዙ ዓመት የተማሩት የኬንያን ሥርዐተ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነበር፤ የአገሩ ትምህርት ቤት ግን በፈረንሳይኛ ያስተምራል። ልጁ በጅቡቲ ምድር ተወልዶ በጅቡቲ ትምህርት ቤት የሚቀጥልበት መንገድ አልነበረውም። ሁለተኛው ወሰን በሰሌዳው ላይ ተሠመረበት ቢባል ሐሰት አይሆንም። በ2009 ዓ.ም ጅቡቲ ለስደተኛ ትምህርትንና ሥራን የሚፈቅድ ሕግ አወጣች፤ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም የምሥራቅ አፍሪቃ መንግሥታት በዚያው ከተማ ተሰብስበው የስደተኛ ልጅ በአገሩ ሥርዐተ ትምህርት እንዲገባ ቃል ገቡ። ድኻ አገር ይህን ማድረግዋ ያስመሰግናታል።

ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 የስደተኛ ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን እንደ ዜጋ እንዲማር ፈቀደች። ስለ ተፈናቃይም በ2002 ዓ.ም በካምፓላ የተደረገውን ውል በ2012 ዓ.ም አጸደቀች። በዚህ ውል መሠረት ተፈናቃይ መታወቂያውን ቢያጣ ማጣቱ መብቱን አያስቀርበትም፤ አዲስ እንዲሰጠውም ይገባል።

ቤቱ የተቃጠለ ልጅ የትምህርት ማስረጃ ይዞ አይመጣም፤ ማስረጃው ከቤቱ ጋር ነድዶአልና። በዓባይ ማዶ ይሁን በነቀምት ወይም በኪራሙ ከተማ እንዲህ ያለ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት በመጣ ጊዜ መምህሩ ያነብበዋል፤ ቍጥርም ያስቈጥረዋል፤ በሚችለው ክፍል ያስገባዋል። በመዝገቡም ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ይጽፋል። በሌሎቹ ልጆች ፊት ስሙን ትቶ ተፈናቃዩ ብሎ መጥራት ግን ነውር ነው። አረጋውያንም ልጁ በማን ቤት እንዳደረ፣ ምሳ ይዞ እንደ መጣ ወይም ባዶውን እንደ ሆነ በየጊዜው ይጠይቃሉ፤ ይህን መምህር ብቻውን ሊያውቀው አይችልም።